ወለሉ ሲወስድህ፦ ስለ ቀስት ካሬዎች፣ ስለ ገበታ እና አስቀድሞ ስለማየት

ፖኬሞን ፋየር ሬድን የተጫወተ ሰው ሁሉ ያቺን ምድር ቤት ያውቃታል። ሴላዶን ከተማ ቁማር ቤቱ ውስጥ ገብተህ ከፖስተሩ ጀርባ ያለውን ቁልፍ ትጫናለህ፣ ደረጃ ይከፈታል፣ ትወርዳለህ። ትንሽ እንደሄድክ ወለሉ ላይ ቀስት የተሳለባቸው ካሬዎች ይጀምራሉ። አንዷን ረገጥክ ማለት አለቀ፤ ልጁ እንደ እንዝርት እየተሽከረከረ ይሄዳል። አዝራር ብትጫን፣ ስልኩን ብትነቀንቅ፣ ብትሳደብ ለውጥ የለውም። ሌላ ቀስት ካገኘው አቅጣጫ ይቀይራል፣ ማቆሚያ ካሬ ካገኘው ይቆማል። ብዙ ጊዜ የሚቆመው ደግሞ ከአምስት ደቂቃ በፊት የነበርክበት ቦታ ላይ ነው።

እነዚህን ካሬዎች የሚወድ ሰው አላጋጠመኝም። በስልክ ኢሙሌተር የሚጫወቱ ጓደኞቼ ስለ ፖኬሞኖቻቸው ያወራሉ፣ ስለተሸነፉባቸው ጂሞች ያወራሉ፤ ስለ ምድር ቤቱ ስትጠይቃቸው ግን መልሳቸው አንድ ነው፦ «እሱን እንኳ ዩቲዩብ አይቼ ነው ያለፍኩት።» እኔም መጀመሪያ ያለፍኩት እንደዚያው ነው። አንድ ሰው በቀይ መስመር ያሰመረውን ካርታ ከፍቼ፣ ግራ ሲለኝ ግራ፣ ታች ሲለኝ ታች እያልኩ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም፣ ምንም ነገርም አልገባኝም። ያኔ አላስተዋልኩትም እንጂ የተገፋሁት ሁለቴ ነው፤ አንዴ በወለሉ፣ አንዴ በካርታው።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ዳታ ሲቋረጥ ግን ዩቲዩብም ካርታም አልነበረም። ደባርቅ ላይ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብተህ ፊፋ መጫወት ትችላለህ፣ መብራት ካለ ማለቴ ነው። ስልክ ላይ ያለው ደግሞ ቀድሞ የወረደውና በዜንደር ከሰው ሰው የሚተላለፈው ብቻ ነው። ፋየር ሬድ 16 ሜጋባይት ናት፤ ከአንድ የሠርግ ቪዲዮ ታንሳለች፣ ስለዚህ በቀላሉ ትዛመታለች። ከዳባት መጥቶ እኛ ጋ የከረመው የ13 ዓመቱ የአክስቴ ልጅ ከእኔ ስልክ ወስዶ ጀመራትና በሦስተኛው ቀን ምድር ቤቱ ላይ ተቀረቀረ። «ጋሼ፣ ይቺን ብቻ አሳልፈኝ» አለኝ። ስልኩን ተቀበልኩት። እኔም ተቀረቀርኩ።

ያንን ክረምት ስለ እነዚህ ካሬዎች ከማንም ጤነኛ ሰው በላይ አስቤያለሁ። የደረስኩበትን አስቀድሜ ልናገር፦ ገፍቶ የሚወስድ ወለል መጥፎ ሐሳብ አይደለም። ከቪዲዮ ጌም እንቆቅልሾች ሁሉ አያቶቻችን ቢያዩት ቶሎ የሚገባቸው እሱ ይመስለኛል። የሮኬት ምድር ቤት ጥፋቱ መግፋቱ ሳይሆን ወዴት እንደሚገፋህ ሳያሳይህ መግፋቱ ነው።

አያቶቻችን ያልኩት በገበታ ምክንያት ነው። የገበታ ደንብ እንደ አገሩ ይለያያል፤ ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር ላይ ስለ ገበታ የጻፈው ጥናት በየቦታው ያለውን አጨዋወት ሲዘረዝር ማለቂያ ያለው አይመስልም። ቀለል ያለውን እንውሰድ፦ በሁለት ረድፍ 12 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር፣ በድምሩ 48። ተራህ ሲደርስ አንዱን ጉድጓድ ትመርጥና ጠጠሩን ሁሉ ታነሳለህ። ምርጫህ እዚያ ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ እጅህ የአንተ አይደለም፤ በቀጣዩ ጉድጓድ አንድ፣ በቀጣዩ አንድ እያልክ ትበትናለህ። በብዙው ዓይነት ደግሞ የመጨረሻዋ ጠጠር ጠጠር ያለበት ጉድጓድ ከገባች ያንንም አንስተህ ትቀጥላለህ፣ ባዶ ጉድጓድ እስክታገኝ ድረስ። «እዚህ ጋ ላቁም» የለም። «ይቺን ልዝለላት» የለም። አንድ ውሳኔ፣ ከዚያ ረጅም ጉዞ።

ይህ እኮ ያው የቀስት ካሬው ነው። ልዩነቱ ገበታ ላይ የሚደበቅ ነገር አለመኖሩ ነው። 48ቱም ጠጠሮች ሜዳ ላይ ናቸው፤ አንተ ታያቸዋለህ፣ ባላንጣህ ያያቸዋል፣ ከኋላ ቆሞ «እሱን አታንሳ!» የሚለው ተመልካችም ያያቸዋል። ጎበዝ ተጫዋች የምትለው እጁ ጉድጓዱን ከመንካቱ በፊት ዓይኑ ዙሪያውን ጨርሶ የመጣውን ሰው ነው። ሲሸነፍም «ጠጠሩ ወሰደኝ» አይልም፤ «ቆጥሬ ተሳሳትኩ» ነው የሚለው። በእነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ልዩነት ለእኔ የዚህ ዓይነት እንቆቅልሽ መመዘኛ ነው።

የከባድ መኪና ሹፌሮችም ይህን ያውቃሉ። ከደባርቅ ወደ ሰሜን ወጣ ስትል ደጋው ድንገት ያልቅና ሊማሊሞ ይጀምራል፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን እየቆረጠ ያወረደው፣ ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ የሚጥለው ጠመዝማዛ። ጭነት ይዞ የሚወርድ ሹፌር ማርሹን የሚመርጠው አፋፉ ላይ ነው። ከባድ ማርሽ አስገብቶ በሞተሩ ኃይል እየያዘ ይወርዳል፤ ቁልቁለቱ ከጀመረ በኋላ ማርሽ መቀየር ማለት መኪናውን ለገደሉ ማስረከብ ነው። ታዲያ ሊማሊሞ ላይ ጭጋግ ካልወረደ በስተቀር መንገዱን ከላይ ሆነህ ታየዋለህ፤ እጥፋት በእጥፋት ላይ፣ ታች ድረስ። ጭጋግ ሲወርድስ? ልባም ሹፌር ይቆማል፣ ሻይ ይጠጣል።

የሮኬት ምድር ቤት ሁልጊዜ ጭጋግ ነው። ነገሩ በቁጥር ሲታይ ግልጽ ነው። የመጀመሪያው የፖኬሞን ጌም በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ የጌም ቦይ ስክሪን 160 በ144 ነጥብ ነበር። አንዷ የወለል ካሬ 16 በ16 ስለሆነች በአንድ ጊዜ የምታየው 10 ካሬ በአግድም፣ 9 ካሬ በቁመት ነው። አንተ መሀል ላይ ስለምትቆም ወደ ላይም ወደ ታችም የሚታይህ አራት እርምጃ ብቻ ነው። ፋየር ሬድ እ.ኤ.አ. በ2004 በጌም ቦይ አድቫንስ ስትመጣ ስክሪኑ ወደ 15 በ10 ሰፋ፤ ክፍሉ ግን አሁንም ከስክሪኑ ይበልጣል። ቀስቷን ትረግጣለህ፣ ከምታየው ዓለም ውጭ ትወሰዳለህ፣ የማታውቀው ቦታ ላይ ትቆማለህ። መሳሳትህን ታውቃለህ፤ ምን ላይ እንደተሳሳትክ ግን አታውቅም። ይህ ሎተሪ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ከሁሉ የገረመኝ እሱ ነው። የመጀመሪያውን ጌም ፕሮግራም አድናቂዎች ፈታትተው መስመር በመስመር ጽፈውታል። እዚያ ውስጥ ስታይ ቀስቱ ልጁን የሚገፋበት ሕግ የለም። ለእያንዳንዷ የቀስት ካሬ አድራሻዋ ተመዝግቦ፣ አጠገቡ «ከዚህ የቆመ ሰው ይህን ያህል ወደ ግራ፣ ከዚያ ይህን ያህል ወደ ታች» የሚል ዝርዝር ተቀምጧል። ወለሉ ላይ የተሳለው ቀስት ጌጥ ነው ማለት ይቻላል። ወዴት እንደምትሄድ አስቀድሞ ተጽፎልሃል፣ ዝርዝሩን ግን አንተ አታየውም።

ስለዚህ እኔና የአክስቴ ልጅ ዝርዝሩን ራሳችን መጻፍ ነበረብን። ባለ ካሬ የሂሳብ ደብተር አወጣን። መጀመሪያ የሞከርነው ክፍሉን በሙሉ መሳል ነበር፤ አንድ ገጽ በቀስት ሞላና ምንም አልታይ አለ። ያኔ ልጁ አንድ ነገር አለ፣ «ጋሼ፣ መሀሉን ምን ያደርግልናል? የሚያቆመን የት ነው፣ እሱን ብቻ እንጻፍ።» ትክክል ነበር። በእንደዚህ ዓይነት ወለል ላይ የምትሽከረከርበት መንገድ ሁሉ ትርፍ ነው፤ ምርጫ የሚኖርህ የቆምክበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ማቆሚያዎቹን ሀ፣ ለ፣ ሐ ብለን ሰየምን፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚወስደውን በአንድ መስመር አገናኘን። ያ ሁሉ የሚያስፈራ ምድር ቤት በግማሽ ገጽ ላይ የሚያልቁ ጥቂት ፊደሎች ሆነ።

ከዚያ ወደ ኋላ ሄድን። የቀስት መንገድ ሁሉ ባለ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ከሀ ወደ መ ወሰደህ ማለት ከመ ወደ ሀ ይመልስሃል ማለት አይደለም። ስለዚህ ከመግቢያው ጀምረህ ስትፈልግ ቅርንጫፉ ይበዛል፣ ከመውጫው ጀምረህ «እዚህ ጋ የሚያመጣ ማነው?» እያልክ ስትጠይቅ ግን ብዙ ጊዜ መልሱ አንድ ወይ ሁለት ነው። ሲፈታ የሆነ ደስታ አለው፣ አልክድም። ግን ደስታውን የሰጠን ደብተሩ ነው። ጌሙ በራሱ ይህን አስተሳሰብ አልጠየቀንም፤ እንዲያውም በጭፍን እየረገጥክ ብትደጋግም መጨረሻ ላይ ታልፋለህ፤ ከጊዜህ በስተቀር የምትከስረው የለም። በጭፍን የሚታለፍ እንቆቅልሽ አስቦ ለሚጫወት ሰው ንቀት ነው።

ሐሳቡን በሚገባ የተጠቀመበት ጌም ከዚያ በፊትም ነበር። ቻክ ሶመርቪል የሠራው ቺፕስ ቻሌንጅ እ.ኤ.አ. በ1989 ለአታሪ ሊንክስ ወጣ፣ በኋላ በማይክሮሶፍት የጌም ጥቅል ውስጥ ገብቶ በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ተስፋፋ። ታሪኩ አይረባም፤ ቺፕ የሚባል ልጅ ሜሊንዳ የምትመራው ክበብ ውስጥ ለመግባት ደረጃ በደረጃ ፈተና ያልፋል። ፈተናው ግን ጉድ ነው። የሚገፋ ወለል አለ፣ የሚያንሸራትት በረዶ አለ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት አይደሉም። በረዶ ላይ ከገባህ ማብቂያው ድረስ መውጫ የለህም። የሚገፋው ወለል ላይ ግን ወደ ጎን መውጣት ትችላለህ፤ ሰዓቱን ጠብቀህ ከወንዙ እንደሚዘል ሰው። መገፋትና አቅም ማጣት አንድ እንዳልሆኑ በሁለት ዓይነት ካሬ ብቻ ያስረዳል።

ሌላም አለ። የሚጣበቅ ጫማ ካገኘህ የሚገፋው ወለል ተራ ወለል ይሆንልሃል፣ የበረዶ ጫማ ካገኘህ በረዶው። ከዚያ የሆነ ቦታ ሌባ ተቀምጧል፤ በእሱ ካለፍክ ጫማዎችህን ሁሉ ይወስድብሃል፣ ያ ቅድም በእግርህ የተራመድክበት ወለል እንደገና ይገፋሃል። ወለሉ አልተቀየረም፣ የተቀየርከው አንተ ነህ። ይህን ለማሰብ የሚረዝም ልብ ወለድ የሚያስፈልጋቸው ደራሲዎች አሉ።

ከሁሉ በላይ የምወድለት ግን ወለሉ ለሁሉም እኩል መሆኑን ነው። ሣጥን ገፍተህ ቀስቱ ላይ ብትጥለው ሣጥኑም ይሄዳል። ጭራቁ ቢገባበት ጭራቁም ይወሰዳል። ስለዚህ ቀስቱ ጠላትህ ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴ ሣጥንህን የሚያደርስልህ ሠራተኛ ነው። ወደ ምድር ቤቱ ተመልሰህ የሮኬት ሰዎችን እያቸው። ከመካከላቸው አንድ እንኳ ሲሽከረከር አይተህ ታውቃለህ? ወለሉ የሚሠራው በአንተ ላይ ብቻ ነው። ይህ ደግሞ ስትጫወት ባትለይበትም የሚሰማህ ነገር ነው፤ የሚያናድደው መገፋቱ ሳይሆን ለብቻህ መገፋቱ ነው።

ፍትሐዊ ልሁን፤ የቺፕ መስኮትም ጠባብ ነው። ደረጃው 32 በ32 ካሬ ሆኖ የምታየው 9 በ9 ብቻ ነው። እዚያም ከዓይንህ ውጭ የምትወሰድበት ጊዜ አለ፣ አንዳንዱ ደረጃ በዚህ ምክንያት አስጠሊታ ነው። ግን የመጀመሪያዎቹ ስምንት ደረጃዎች ትምህርት ናቸው፤ ከባዱ ከመምጣቱ በፊት በጠባብ ቦታ ዋና ዋናዎቹን ካሬዎች እያስተዋወቁህ ይሄዳሉ። ጭጋግ ውስጥ ብትገባም ማርሹን ታውቀዋለህ።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ሰምቶ ተቃወመኝ። «የወንበዴ ጎሬ ነው እኮ፣ ግራ እንዲያጋባህ ነው የተሠራው። ካርታ ሰጥቶህ ጎሬ ሊሆን ነው?» አለ። ግማሹን እቀበለዋለሁ። ልጁ መሽከርከሩ ራሱ ማዞር ነው፣ ተጫዋቹም እንዲዞርበት ነው። እንዲያውም ጓደኛዬ ያላነሳውን የተሻለ መከራከሪያ እኔ ልስጠው። በመጀመሪያው ጌም እነዚህ የሚያሽከረክሩ ቀስቶች የሚገኙት በሁለት ቦታ ነው፤ በሴላዶን ምድር ቤት እና በቪሪዲያን ጂም። ቪሪዲያን ጂም ገና ጌሙ ሲጀመር ታልፈዋለህ፣ ዝግ ነው፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ አይታወቅም። ሌሎቹን ሰባት ባጆች ይዘህ ስትመለስ ይከፈታል። ትገባለህ፣ ወለሉ ላይ ያ ቀስት። ምድር ቤቱን በእግሩ ያስታወሰ ተጫዋች መጨረሻ ላይ ማን ተቀምጦ እንደሚጠብቀው ንግግር ሳይጀመር ያውቃል፤ ጆቫኒ፣ የሮኬት አለቃ። ወለሉ ፊርማው ነበር። አንድም ቃል ሳይናገር ምስጢር ያወጣ ንድፍ ነው፣ ለዚህ ባርኔጣዬን አነሳለሁ።

ግን ይህ የምድር ቤቱን እንቆቅልሽ አያድነውም። ፊርማ ለመሆን ግራ ማጋባቱ ይበቃል፤ እንቆቅልሽ ለመሆን ግን መፍቻው ተጫዋቹ ፊት መኖር አለበት። አንድ ክፍል ሁለቱንም መሆን ይችል ነበር። ሙሉውን ወለል ከላይ የምታይበት አንድ ሰገነት፣ አንድ የደህንነት ካሜራ፣ አንድ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ንድፍ ቢኖር ምን ይጎዳል? ወንበዴ ካሜራ አያጣም።

አንደርቴል፣ ቶቢ ፎክስ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው፣ በዚሁ ላይ ይቀልዳል። ፓፒረስ የሚባለው አጽም ባለቀለም ወለል ፊት አቁሞህ ሕጉን ይተነትናል፦ ቀዩ አያሳልፍም፣ ቢጫው ኤሌክትሪክ ነው፣ ሐምራዊው ያንሸራትትሃል ሎሚም ያሸታል፣ ሰማያዊው ውኃ ነው... ጭንቅላትህ ይፈነዳል። ከዚያ ማሽኑ ወለሉን በዕጣ ያወጣል፣ የሚወጣው ደግሞ ቀጥ ያለ ምንም ችግር የሌለበት መንገድ ነው። ስቄ ነበር፤ በኋላ ግን ቀልዱ የገባኝ ይመስለኛል። የሚያስፈራን ወለሉ ሳይሆን ደንቡን በአንዴ መሸከም አለመቻላችን ነው።

እዚህ አገር የተሠሩትስ? የቅኔ ጌምስን ኩኩሉ ስልኩ ላይ ያልጫነ የዕድሜ እኩያዬ ጥቂት ነው። ዶሮዋ ሁሌም ትሮጣለች፣ ማቆም አትችልም፤ አንተ የምታደርገው ማጠፍና መዝለል ነው። ይህም ግዳጅ እንቅስቃሴ ነው፣ ግን ተቃራኒው ዓይነት፦ ከመነሳትህ በፊት የምታስበው የለም፣ ሁሉም እየሮጥክ ነው። እወደዋለሁ፣ ታክሲ ስጠብቅ። ቆጥሮ ረግጦ መወሰድን ግን የሚያህል የለም፣ ለዚህም መሠረቱ ገበታ ሆኖ እጃችን ላይ አለ። ሰኞ ማክሰኞን በኖራ የሣልን ልጆች ወለል በደንብ ሊያዝ እንደሚችል ከትምህርት ቤት በፊት ነው ያወቅነው።

ጌምን ከጦርነት ጋር ማመሳሰል አልወድም፣ አላደርገውምም። ይህን ብቻ ልበል። ያን ክረምት መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ማን ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ አልነበረም፤ ልጁም ወደ ዳባት የሚመለስበት ቀን ሦስቴ ተቀይሯል። እንደዚያ ባለ ጊዜ አንድ ልጅ መወሰዱ ሳይሆን ወዴት እንደሚወሰድ አለማየቱ ስልክ ላይም ሲያበሳጨው አይቼ «ጌም እኮ ነው» ማለት አልሆነልኝም።

በመጨረሻ ሲሄድ ደብተሩን ትቶልኝ ሄደ። የመጨረሻው ገጽ ላይ የራሱን ምድር ቤት ሠርቷል፤ 20 በ20 ካሬ፣ ሁሉም በአንድ ገጽ፣ ምንም የተደበቀ የለም። አንድ ሣጥን አለው፣ አንድ ሌባ አለው (ስለ ቺፕ የነገርኩት እኔ ነኝ)፣ ጥግ ላይ «ዘበኛ» ብሎ የጻፈበት ክብ አለ፣ ዘበኛውም ቀስት ላይ ከቆመ እንደሚወሰድ ከታች በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል። እኔ በአሥራ አንድ መቆሚያ ነው የጨረስኩት። እሱ በአምስት ያልቃል ይላል። ከመውጫው ወደ ኋላ ሞክሬዋለሁ፣ ሣጥኑን ቀድሜም አሳልፌ ሞክሬዋለሁ፤ እስካሁን ሰባት ላይ ነኝ።